የተረፉት ሦስት አበቦች

«ሰላሳ አምስት፣ ሃያ አምስት፣ አስራ አምስት» አለች ሚሊሜትር፣ የሳለችበትን ወረቀት ወደ ሙሽራዋ እናት እየገፋች። «እያንዳንዱ የኬኩ ፎቅ ከበታቹ በአስር ሴንቲ ያንሳል። ዙሪያውን አምስት አምስት ሴንቲ እርከን ይተርፈዋል፤ አበባውን እሱ ላይ እንደረድራለን። ለመቶ ሃያ እንግዳ ይበቃል።»

የሙሽራዋ እናት ወረቀቱን ገልመጥ አድርጋ ተወችው።

«ሦስት ፎቅ ብቻ? ባለፈው ወር ጎረቤቴ ልጇን ስትድር ኬኩ አራት ፎቅ ነበር። እዚያው ተቀምጬ ቆጥሬዋለሁ። እኔ በሦስት ብቀርብ ሰው ምን ይለኛል?»

«ጣፈጠን ይላል።»

የሚሊሜትር አክስት፣ የኬክ ቤቱ ባለቤት፣ ከጠረጴዛው ስር እግሯን ረገጠቻት።

«አራት ማድረግ አይቻልም ወይ እትዬ?» የሙሽራዋ እናት ፊቷን ወደ አክስትየዋ አዞረች።

«ለምን አይቻልም የኔ እመቤት? መቀጠል ነው እኮ፤ ሰማይ አያልቅ!»

ሚሊሜትር ደሟ ፈላ። ሰማይ ባያልቅም ምድጃው ያልቃል። ከሰላሳ አምስት ሴንቲ የሰፋ መጋገሪያ በምድጃቸው በር አይገባም። በአስር በአስር እየቀነሱ አራተኛ ፎቅ ቢጨምሩ ደግሞ ጫፉ ላይ የሚወጣው አምስት ሴንቲ ነው። «እሱ ኬክ አይደለም፣ የኮት ቁልፍ ነው» አለችና እርሳሷን አንስታ ልዩነቱን ወደ ሰባት አወረደችው። ሰላሳ አምስት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ አንድ፣ አስራ አራት። እርከኑ ወደ ሦስት ሴንቲ ተኩል ጠበበ፤ ኬኩም ረዘመ፣ ከበደ።

«ይቆማል» አለች በመጨረሻ። «ስህተት ግን አይችልም።»

«አንቺ ደግሞ ስትናገሪ!» አለች የሙሽራዋ እናት፣ ቦርሳዋን እያነሳች። አፏ ግን እስከ ጆሮዋ ተከፍቶ ነበር።

እናቷ ያወጣችላትን ስም ቤተሰቡ ከረሳው ቆይቷል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምህንድስና ጀምራ፣ ሁለት ዓመት ቆይታ ጥላው ስትመጣ፣ አክስቷ «ሰው ዲግሪ ይዞ ይመለሳል፣ የእኛይቱ ማስመሪያ ይዛ ተመለሰች» ብላ ለዘመድ ሁሉ አወራች። ከዚያ ወዲህ ሚሊሜትር ናት። አክስቷ በዓይኗ ነው የምትለካው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በዓይኗ ለክታ፣ በእጇ መዝና፣ አንድም ኬክ አልወደቀባትም። አስራ አራቱ መጋገሪያዎቿ ቁጥር የላቸውም፤ «ትልቋ»፣ «ወፍራሟ»፣ «ያቺ ጠማማዋ» እያለች ነው የምትጠራቸው። በዚህ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት።

የዚህ ኬክ ነገር ግን ከጭቅጭቅ ያለፈ ነበር። አክስትየዋ ደክሟታል፤ ኬክ ቤቱን ለአንዱ ልትለቅ ነው። አንደኛዋ ፈላጊ ሚሊሜትር ናት። ሁለተኛው የአክስትየዋን ልጅ ያገባው ጎሚስታው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የጎማ ሥራው ጠቦት፣ ኬክ ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ዓይኑን ከጣለበት ሁለት ዓመት አለፈው። በመጣ ቁጥር ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ «እዚህ ጋ መደርደሪያ፣ እዚያ ጋ መንፊያው» ይላል። ባለፈው እሁድ አክስትየዋ ሁለቱን አስቀምጣ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«የቅዳሜው ኬክ አራት ፎቁ ቆሞ ከዋለ ቁልፉ የሚሊ ነው። ከወደቀ ያንተ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አይነዝንዘኝ።»

«ይሁን እማማ» አለ ጎሚስታው። «እንዲያውም በመኪናዬ እኔው አደርስላችኋለሁ። ጣለው እንዳትሉኝ ደግሞ!»

ቅዳሜ ጠዋት ሚሊሜትር ትልቁን ኬክ አዘጋጀች። የፎቅ ኬክ ምስጢሩ ከውጭ አይታይም። ስፖንጅ ለስላሳ ነው፤ ሌላ ኬክ አይሸከምም። ስለዚህ ከታችኛው ኬክ ውስጥ የእንጨት ዘንጎች ይተከላሉ፤ የላይኛው ኬክ ከስሩ ጠንካራ ካርቶን ይደረግለትና በዘንጎቹ አናት ላይ ይቀመጣል። ክብደቱን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ስፖንጁ እንዲያው ለመበላት ነው። ዘንጎቹ ግን ከካርቶኑ ስር መዋል አለባቸው። አንድ ጣት ወደ ውጭ ከወጡ እንደሌሉ ናቸው።

ትልቁ ኬክ አናት ላይ ሃያ ስምንት ሴንቲ ክብ ሳለች፤ ከክቡ ጠርዝ አንድ ሴንቲ ተኩል ወደ ውስጥ ገብታ ስድስት ዘንግ ተከለች፤ ሁለት ጊዜ ለካች። ከዚያ የአዳራሹን ጠረጴዛና ደረጃ ለማየት ከጎሚስታው ጋር ሄደች። ስትመለስ አክስቷ ሁለተኛውን ፎቅ ክሬም ቀብታ፣ ሳጥን ውስጥ አስገብታ፣ በገመድ አስራው ነበር።

«እኔ ሳላየው?»

«አንቺ ሳትወለጂ ኬክ እቀባ ነበር። ተንቀሳቀሺ፣ ሰዓቱ ሄደ!»

አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ነው፤ ባለ ትልልቅ መስኮት፣ ከጣሪያው ሦስት የመስታወት መብራት የተንጠለጠለበት። ሙሽሮቹ ዘጠኝ ሰዓት ይገባሉ። ሚሊሜትር ትልቁን ኬክ አስቀምጣ ሌሎቹን ለማምጣት ወደ መኪናው ስትመላለስ፣ አክስቷ ሁለተኛውን በአንድ አስተናጋጅ እርዳታ ጭና፣ ጠርዙን አለስልሳ ጠበቀቻት። የሙሽራዋ እናትም መጥታ ቆማለች። «ፍጠኚ እንጂ! ፍጠኚ የኔ እናት! ፎቶ አንሺው ደርሷል!» እያለች ከኋላዋ ትንፈራገጣለች። ሚሊሜትር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ ለካች። ለሦስተኛው ፎቅ የሚሆኑትን ዘንጎች ማስመሪያ ሳታወጣ መሃል ላይ ተከለች፤ ሃያ አንዱን ጫነች፤ አስራ አራቱን ጫነች። በሦስተኛው ፎቅ ዙሪያ ያለው እርከን ጠበብ ያለ መሰላት። የመብራቱ ጥላ ነው ብላ አለፈችው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የሙሽራዋ እናት ፎቶ አንሺውን ፍለጋ ወጣች፤ አስተናጋጆቹም ወንበር ሊያወጡ ወደ ግቢው ወረዱ። ሚሊሜትር የስኳር አበቦቹን ትደረድር ጀመር። ለሁለተኛው ፎቅ ዙሪያ የሠራችው ሰላሳ ነው፤ አንድም ትርፍ የለም። ሃያ አምስተኛውን አስቀመጠች። ሃያ ስድስተኛውን። ሃያ ሰባተኛውን ስታስቀምጥ ዙሩ ገጠመ።

ሳጥኑ ውስጥ አየች። ሦስት አበባ ተቀምጧል።

«አክስቴ፣ ሦስት አበባ ተረፈኝ።»

አክስቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ እያሸች ነበር። «አበባ ተርፎ ማንን ገደለ? ጎድሎ ቢሆን ነበር ጉዱ።»

«ሃያ ስምንቱን የሚዞረው ሰላሳ አበባ ነው።»

«አራርቀሽ ደርድረሽው ይሆናላ።»

«አላራራቅኩም።»

ከሽርጧ ኪስ ማስመሪያዋን አውጥታ እርከኑ ላይ አጋደመችው። ሦስት ተኩል መሆን ነበረበት። አምስት ነው። በሌላ ጎን ለካችው። አምስት።

«ይሄ ሃያ አምስት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሃያ ስምንቱ የት ሄደ?»

አክስቷ በመስኮቱ አሻግራ ግቢውን አየች።

«ወለል ላይ» አለች።

ከዚያ ቃላቱን ከአፏ አንድ በአንድ ማውጣት አስፈለገ። የቀኝ እጇ ጣቶች መደንዘዝ ከጀመሩ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ጠዋት ኬኩን ክሬም ከምትቀባበት ማዞሪያ ላይ ስታነሳው ጣቶቿ ሳታዛቸው ለቀቁት፤ አንድ ጎኑ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ተሰባብሮ ወለል ላይ ተበተነ። የተሰባበረውን ቆርጣ ጣለች፤ ክብ እንዲሆን ዙሪያውን ላጨችው፤ ካርቶኑንም በመቀስ አሳነሰች። ክሬሙን አወፍራ ቀባችው።

«ካርቶኑ ስንት ሆነ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በዓይኔ ነው።»

«አክስቴ!»

«ሃያ ሦስት ይሆናል።»

ሚሊሜትር ሒሳቡን ለመሥራት ወረቀት አላስፈለጋትም። ዘንጎቿ የቆሙበት ክብ ሃያ አምስት ነው። ካርቶኑ ሃያ ሦስት ነው። ስድስቱም ዘንግ ከካርቶኑ ጠርዝ አንድ አንድ ሴንቲ ውጭ፣ በወፈረው ክሬም ስር ተደብቀው፣ ምንም ሳይሸከሙ ቆመዋል። ሦስት ፎቅ፣ አስር ኪሎ የሚጠጋ ኬክ፣ ስፖንጅ ላይ ተቀምጧል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጎሚስታው አብሮሽ ነበር። እጄ እንደማይጨብጥ ከሰማ ነገ ጎማውን ደርድሮ ነው የሚያነጋው። ‘እማማ ይረፉ እንጂ’ ብሎ፣ በደግነቱ ነው የሚቀብረኝ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ እጅ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። «እንደ በቅሎዋ ሆንኩ። ገመዴን በጥሼ በራሴ አሳጠርኩ።»

ሚሊሜትር አልሰማቻትም። ማስመሪያውን ትልቁ ኬክ ጎን አቁማ አጎንብሳ እያየች ነበር። ከታች እስከ ሁለተኛው ፎቅ ስር አስራ ሁለት ሴንቲ መሆን አለበት። አስራ አንድ ሴንቲ ከስድስት ሚሊሜትር ነው። የትልቁ ኬክ ጎን እንደጠገበ ሰው ሆዱን መንፋት ጀምሯል። ክሬሙ ላይ ፀጉር የሚመስል ስንጥቅ ወጥቷል። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች፤ እንደገና አነበበች። አስራ አንድ ከአምስት።

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል።

በሩ ተከፈተ። የሙሽራዋ እናት ናት፤ ክንዶቿ ላይ ያሉት አምባሮች ከእሷ ቀድመው ገቡ።

«አለቀ? ምነው ሁለታችሁም እንደዚህ ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም የኔ እመቤት» አለች አክስትየዋ ብድግ ብላ። «አበባ እያስተካከልን ነው።»

«እየሰመጠ ነው» አለች ሚሊሜትር።

የሙሽራዋ እናት በቅርብ ያገኘችውን ወንበር ያዘች። «ጉድ ሆንኩ! ዛሬ ጉድ ሆንኩ! ያ ያመጣችሁ ሹፌር የት አለ? ጥሩት!»

«እሱን አይጥሩት!» አክስትየዋ ጮኸች።

«እንግዲያው አስተናጋጆቹን…»

«ይጥሯቸው» አለች ሚሊሜትር። «ታች ግቢ ውስጥ ናቸው፤ እንግዶችዎም እዚያው ናቸው። ኬኩ መስመጡን አብረው ይሰማሉ። ጎረቤትዎም መጥታለች።»

የሙሽራዋ እናት ሄዳ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

«ምን ላድርግ?»

«አምባሮቹን ያውልቁ። እጅዎን ይታጠቡ። ሁለት ሰው ያስፈልገኛል፣ የአክስቴ እጅ አይጨብጥም።»

ነገሩ እንደዚህ በደረቁ ሲነገር አክስትየዋ በጥፊ የተመታች ያህል ዓይኗን ጨፈነች። ግን አላስተባበለችም። ባዶ ትሪዎቹን እየጎተተች አቀረበች፤ ለዚያ ክርኗ ይበቃት ነበር።

ሚሊሜትር አበቦቹን ለቀመች። ጫፉን አነሳች። ሃያ አንዱን አነሳች። ሁለተኛው ፎቅ ግን ክሬሙ ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል። ሰፋፊ ቢላዋዎች በሁለት በኩል ከስሩ ገብተው እኩል መነሳት አለባቸው፤ አንዱ ጎን ከቀደመ ታችኛው ይገነጠላል። ለሙሽራዋ እናት ሁለት ቢላዋ አስያዘቻት።

«በሦስት እናነሳለን። አንድ፣ ሁለት…»

የሙሽራዋ እናት አነሳች።

ኬኩ ዘመም አለ። ሚሊሜትር በደመ ነፍስ ተከትላት አነሳች፤ ቢላዋው ላይ ሲንሸራተት በደረቷ ገታችው። አክስትየዋ በክርኗ ትሪውን ገፍታ ከስሩ አስገባች። አረፈ።

«በሦስት አልኩ እኮ!»

«እኔ ቤት በሁለት ነው የሚነሳው!» አለች የሙሽራዋ እናት። ቀሚሷን አየች። ደህና ነው። የሚሊሜትር ሽርጥ ግን ከደረቷ እስከ ወገቧ ክሬም ሆኗል።

ትልቁ ኬክ መሃሉ ላይ ጎድጉዷል። ስድስቱን ዘንጎች ነቅላ፣ ጠርጋ፣ ሃያ ሴንቲ ክብ ለክታ እንደገና ተከለቻቸው። የዘንጎቹ አናት እኩል መሆኑን በማስመሪያ ጠርዝ አረጋገጠች። ቀዳዳዎቹን በክሬም ደፈነች። ሁለተኛውን መልሰው ጫኑ፤ አሁን በትክክል በሦስት። እንጨቱ ሲቀበለው ቢላዋዋ ስር ተሰማት፤ ድርቅ ያለ፣ የማይወርድ ነገር።

ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት።

ሃያ አንዱን ልታነሳ ስትል እጇ ቆመ። ሃያ አንድ በሃያ አምስት ላይ ሁለት ሴንቲ እርከን ነው የሚተወው፤ አበባ አይቆምበትም። ከስሩ ያለው ትልቁ ኬክም ቆስሏል፤ ጎኑ ከእንግዲህ ተጨማሪ ሸክም ይቻል አይቻል እርግጠኛ አይደለችም። እርግጠኛ ባልሆነችበት ነገር ላይ ደግሞ አትጭንም። ለሦስተኛው የተከለቻቸውን ዘንጎች ከሁለተኛው ነቅላ ይበልጥ ወደ መሃል ሰብስባ ተከለችና አስራ አራቱን አነሳች።

«እሱ አይደለም ቀጣዩ!» አለች የሙሽራዋ እናት። «አራት ብለናል! አራት ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ!»

«አሁን ያነሱት ስንት ኪሎ የሚሆን መሰለዎት?»

«ክንዴ ሊገነጠል ነበር።»

«እሱ አንዱ ብቻ ነው። ሁለት ሌላ ልጨምርበት?»

የሙሽራዋ እናት ትሪው ላይ ብቻውን የቀረውን ሃያ አንድ አየችው። ሰዓቱን አየች። አምባሮቿን አንድ በአንድ ማጥለቅ ጀመረች። አራተኛው አምባር ላይ ስትደርስ ፊቷ በራ።

«ይሄኛው ለአማቾቼ ጠረጴዛ ለብቻው ይቅረብ። ‘ለእናንተ ብለን ለይተን ያሠራነው ነው’ እላቸዋለሁ።» ጥቂት አሰበች። «ጎረቤቴ ይቺን አላሰበቻትም።»

ሚሊሜትር ጫፉን አስቀመጠች፤ አበቦቹን መልሳ ደረደረች። በሁለተኛው ፎቅ ዙሪያ ሃያ ሰባት። የተረፉትን ሦስቱን ትልቁ ኬክ ጎን ያለው ስንጥቅ ላይ በክሬም ለጠፈቻቸው። ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄዳ አየችው። ሰላሳ አምስት፣ ሃያ አምስት፣ አስራ አራት። ከመጀመሪያው ወረቀቷ የጎደለው አንድ ሴንቲ ብቻ ነው።

ሙሽሮቹ ገቡ፤ ተጨበጨበ። ሚሊሜትር ክሬም የለበሰ ሽርጧን ገልብጣ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። በንግግሮቹ መሃል ሁለት ጊዜ ጠጋ ብላ ማስመሪያዋን አቆመች። አስራ ሁለት። አስራ ሁለት። አልወረደም። ቢላዋው ሲገባበት እንኳ ንቅንቅ አላለም።

ጎሚስታው ያን ጊዜ ነው ወደ ላይ የወጣው። በጣቱ ቆጠረ።

«እንዴ ሚሊ! አንዱን ፎቅ በላሽው እንዴ?»

«አማቾች ናቸው የበሉት።»

ሳቀ። ግን ሳቁን ቶሎ ሰበሰበው። «እማማ፣ ነገር ለማንሳት አይደለም። ቃሉ ግን ‘አራት ፎቁ ቆሞ ከዋለ’ ነበር።»

ሚሊሜትር ወደ አክስቷ ዞረች። አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ መናገር ትችል ነበር፤ ወለሉን፣ መቀሱን፣ የወፈረውን ክሬም።

«ትነግሪዋለሽ ወይስ ልንገረው?» አለች ብቻ።

አክስትየዋ በግራ እጇ ቦርሳዋን ከፈተች። የኬክ ቤቱን ቁልፍ አወጣች። ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችው፤ ሆን ብላ፣ ሁለቱም እያዩ። ቀኝ እጇን ወደ ሚሊሜትር ዘረጋች።

ቁልፉ መሃል መንገድ ላይ ሳይደርስ አመለጣትና ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ጎሚስታው እጇን አየ፤ ፊቷን አየ። «እማማ… ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምስት ወር። ኬኩን ጠዋት የጣልኩት እኔ ነኝ። ያቆመችው እሷ ናት።» አገጯን ቀና አደረገች። «አየህ? ቁልፉ መያዝ ለሚችል ነው የሚሰጠው።»

ጎሚስታው ሊያነሳላት ጎንበስ ሲል ሚሊሜትር ቀድማው አነሳችው።

«አንድ ነገር» አለች ቁልፉን ማስመሪያው ወዳለበት ኪስ እየከተተች። «ከእንግዲህ የወደቀ ነገር ወደቀ ይባላል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አስራ አራቱንም መጋገሪያዎች ለክቼ ቁጥር እጽፍባቸዋለሁ።»

«ጠማማዋንም?»

«በተለይ ጠማማዋን።»

አክስቷ የደነዘዘ እጇን ብብቷ ስር ወሸቀች። «ጻፊባቸው» አለች። «ስማቸውን ግን እንዳትፍቂብኝ።»